ከጉዞ ተመልሰው ሆድዎን ካመመዎት፦ የዴንጊ ትኩሳትና ቀዶ ጥገና
በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተሰጠ ገለጻ

ይህ ገለጻ አገር ቤት ደርሰው ለሚመለሱና ለቤተሰቦቻቸው ነው።

ዴንጊ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ የቫይረስ ትኩሳት ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ነው፤ በ2023 ደግሞ በአፋር ወረርሽኝ ተከስቷል። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው ሌሊት ትነድፋለች፤ የዴንጊዋ ግን ቀን ስለምትነድፍ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ሕመሙ ከንክሻው በኋላ እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚጀምር፣ ኮሎምበስ ከገቡ በኋላ ሊታመሙ ይችላሉ።

ትኩሳቱ ሲወርድ «ተሻለኝ» ብለው አይዘናጉ። አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ያሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ናቸው። በዚህ ጊዜ ፈሳሽ ከደም ሥር እየሰረገ ሊወጣ፣ ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፕሌትሌቶችም ሊቀንሱ ይችላሉ። የሐሞት ከረጢት ግድግዳ ሲያብጥ በአልትራሳውንድ የሐሞት ከረጢት ቁስለት ይመስላል። የሆድ ሕመሙም ከትርፍ አንጀት ሕመም ጋር ይመሳሰላል።

አብዛኛው ታማሚ በፈሳሽና በቅርብ ክትትል ይድናል፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ፕሌትሌት በቀነሰበት ሰዓት የሚደረግ ቀዶ ጥገና ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል። አልፎ አልፎ ግን ጣፊያ ሊፈነዳ ወይም የሐሞት ከረጢት ሊበሳ ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ጥገናው ሕይወት ያድናል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ዴንጊ በኦሃዮ ብዙም ስለማይታይ ግን ጉዞዎን ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።

ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል እንደደረሱ እንዲህ ይበሉ፦ «ከኢትዮጵያ የተመለስኩት በዚህ ቀን ነው። ትኩሳት ነበረኝ። የዴንጊና የወባ ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ይዩልኝ።» አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሜዲኬድና ሜዲኬር የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ ማቅረብ አለባቸው። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ።

ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች፦
• ከባድ ወይም የማያቋርጥ የሆድ ሕመም
• በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ማስታወክ
• ከአፍንጫ ወይም ከድድ መድማት፣ ደም ማስታወክ፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ
• ከፍተኛ ድካም ወይም መቁነጥነጥ

ራስዎን ከሳቱ ወይም መቆም ካቃተዎት ቤተሰብዎ 911 ይደውል።

ለትኩሳቱ ታይለኖል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይውሰዱ። አስፒሪን፣ አድቪል፣ አሌቭ፣ ከአገር ቤት የመጣ ዳይክሎፌናክም ቢሆን መድማትን ስለሚያባብሱ ለትኩሳቱ አይውሰዱ። ሐኪም ያዘዘልዎት አስፒሪን ካለ ግን ከማቆምዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።