ስለ ኩርዶች ጥያቄ፤ መብትና መንግሥት
(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለክርክር የቀረበልን ጥያቄ «ኩርዶች የራሳቸው ነጻ መንግሥት ሊኖራቸው ይገባልን?» የሚል ነው። መልሴን ከመስጠቴ በፊት መብትንና የመብትን አፈጻጸም ለይቼ ላቅርብ፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ትክክለኛ ፍርድ ሊሰጥ አይችልምና። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1920 የተፈረመው የሴቭር ውል ለኩርዶች በመጀመሪያ የውስጥ አስተዳደር፥ ቀጥሎም ነጻነት የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። በ1923 የተፈረመው የሎዛን ውል ግን ስማቸውን እንኳ ሳያነሣ አለፈ። ሕዝቡም በቱርክ፥ በኢራን፥ በኢራቅና በሶርያ ተከፋፍሎ ቀረ። በጥር 1946 በኢራን የታወጀው የማሃባድ ሪፑብሊክ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፤ መሪው ቃዚ ሙሐመድም በመጋቢት 1947 ተሰቀለ። በ1988 በኢራቅ የሐላብጃ ከተማ ላይ በተጣለው የመርዝ ጋዝ 5,000 ያህል ሰው አለቀ። ይህን ላየ ሕዝብ «ዝም ብለህ ተገዛ» ብሎ ለመምከር ማን አፍ አለው?

አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነው። በመስከረም 2017 በኢራቅ ኩርዲስታን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ከመቶ ከ92 የሚበልጡት ነጻነትን መረጡ። ወር ሳይሞላ የባግዳድ ጦር ኪርኩክን ከነነዳጇ ያዘ፤ ቱርክና ኢራን ተቃወሙ፤ አሜሪካም አልደገፈችም። አገሩ የባሕር በር የለው፤ በቧንቧ ወደ ባሕር የሚወርደው ነዳጁ የሚያልፈው በቱርክ ምድር ነው። ሁለቱ ታላላቅ የኩርድ ፓርቲዎችም ከ1994 እስከ 1998 እርስ በርሳቸው ተዋግተዋል። ደግሞም ኩርዱ ዕድሉን በራሱ ይወስን ካልን፥ በኪርኩክ የሚኖረው ዓረብና ቱርክመን ዕድሉን ማን ይወስንለታል?

አንዳንድ ወንድሞች ከዚህ ተነሥተው መብቱ ከንቱ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። የ2005 የኢራቅ ሕገ መንግሥት ኩርዲስታንን የፌዴራል ክልል ብሎ ያወቀው፥ የኩርድኛንም ቋንቋ ከዓረብኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ያደረገው፥ ሕዝቡ ጥያቄውን ስላልተወ ነው። ባይጠይቅ ይህንንም አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መብቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይታወቅ፤ በፌዴሬሽን መኖርን ወይም መለየትን ራሳቸው ኩርዶች ይምረጡ፤ ወሰኑ ግን በቦታው ከሚኖሩት ሁሉ ጋር በስምምነት እንጂ በጠመንጃ አይከለል። «ኩርድ መለየት የለበትም» የሚል መንግሥትም አስቀድሞ ቋንቋውን፥ ድምፁንና ሕይወቱን ያክብርለት።

ኩርዶች «ከተራራ በቀር ወዳጅ የለንም» የሚል ተረት አላቸው። ስለ ሕዝቦች መብት በየጉባኤው የምንናገር ተማሪዎች፥ መብቱን ለወደድነው ሕዝብ ብቻ የምንሰጥ ከሆነ፥ ይህ ተረት እኛንም ይወቅሰናል።