የመመረቂያ ጽሑፋችን ካርቶን ውስጥ ነው

(በምሩቃን መገናኛ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ አሥር ደቂቃ ተናገሪ» ብለውኝ ነበር። ስለ ደም ግፊት ባወራ ግን ግማሻችሁ ታንቀላፋላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ታርሙኛላችሁ። ስለዚህ ከሙያዬ ውጭ ልውጣ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤትም እዚያው ከተማ ነው፤ ወደ ክሊኒክ ስሄድ በደጁ አልፋለሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የፓተንት መርማሪ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርቻቸው የሕንዱን የእርድ ጉዳይ አነሳሁባቸው፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲያስረዱኝ ቆዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው) በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች እርድን ለቁስል ማዳኛ ስለመጠቀም ፓተንት ተሰጣቸው። እርድ! ሕንድ አገር ልጅ ጉልበቱ ሲላጥ እናቱ ከማድ ቤት የምታመጣው እርድ! የሕንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት በ1996 «ይህ ፓተንት እንደገና ይመርመር» ብሎ አመለከተ። ታዲያ እናቶቹን በምስክርነት አላቀረበም፤ ማቅረብም አይችልም ነበር። ያቀረበው ወረቀት ነው፤ 32 ጽሑፎች። ከፊሎቹ በሳንስክሪት፣ በኡርዱና በሂንዲ የተጻፉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ በ1953 የሕንድ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍም ነበረበት። መሥሪያ ቤቱ በ1997 ፓተንቱን ውድቅ አደረገው።

ለምን እናቶቹ አልተሰሙም? «ሕጉ እንደዚያ ነው» አሉኝ ጎረቤቴ። ዳግም ምርመራ በ1980 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። ፓተንቱ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፤ በጠበቃ በኩል ከሆነ ስሙን እንኳ ሳይገልጽ። ማስረጃው ግን ቀደም ያለ ፓተንት ወይም የታተመ ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ በሌላ ቋንቋ ከሆነ አስፈላጊው ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይያያዛል፤ ከፓተንቱም የትኛውን አንቀጽ እንደሚነካ አንድ በአንድ ይብራራል። «መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል» ማለት አይበቃም።

መሥሪያ ቤቱ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይወስናል፦ የቀረበው ጽሑፍ በፓተንቱ ላይ አዲስና ከባድ ጥርጣሬ ያስነሳል ወይስ አያስነሳም? የእኛ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ እንደምትቆመው ነርስ ማለት ነው፤ ሕክምናው ገና አልተጀመረም። ካላስነሳ ጥያቄው ይመለሳል። ካስነሳ ጉዳዩ ይከፈታል፤ ባለመብቱም በሁለት ወር ውስጥ አስተያየት መስጠት ይችላል። አስተያየት ከሰጠ ጠያቂው አንድ ጊዜ መልስ ይሰጥና ይወጣል። ባለመብቱ ዝም ካለ ግን ጠያቂውም ያችን አንዲት ዕድል ያጣል። ስለዚህ አብዛኞቹ ዝም ይላሉ! ከዚያ በኋላ ክርክሩ በመርማሪዎቹና በባለመብቱ መካከል ብቻ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ተናደድኩ። በሽታውን የጠቆመውን ሰው ከክፍሉ አስወጥቶ ከበሽተኛው ጋር ብቻ መማከር ምን ይባላል? ጎረቤቴ ሳቁና «ለዚያ ሌላ መንገድ አለ» አሉኝ። ከ2012 ወዲህ ሁለቱም ወገኖች ዳኞች ፊት የሚከራከሩበት ሥርዓት ተጨምሯል። እሱም ቢሆን የሚቀበለው ወረቀት ነው።

መጨረሻው የምስክር ወረቀት ነው፦ አንቀጾቹ ተሰርዘዋል፣ ጸንተዋል ወይም ተሻሽለዋል ይላል። ባለመብቱ መብቱን ማጥበብ ይችላል፣ ማስፋት ግን ክልክል ነው።

«ጤፍስ?» የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል። የጤፍ ዱቄቱ ፓተንት በ2018 ሄግ ላይ የወደቀው በፍርድ ቤት ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። «ታተመ» ማለት ምን ማለት ነው? ማተሚያ ቤት መግባት የለበትም፤ ፈላጊ ሊያገኘው መቻል አለበት። በ1986 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጀርመን አገር፣ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ የነበረችን አንዲት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በካታሎግ ስለተመዘገበች ብቻ በቂ ናት አለ። በ1989 ደግሞ ኦሪገን በሚገኘው ሪድ ኮሌጅ ስለነበሩ ሦስት የተማሪዎች ጽሑፎች ተጠየቀ። ጽሑፎቹ አሉ፣ ካርድም አላቸው። ካርዶቹ ግን የተደረደሩት በተማሪው ስም ብቻ ነው፤ የኬሚስትሪ ክፍሉ ካርዶችማ ጫማ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። የተማሪውን ስም ሳያውቅ ማን ያገኛቸዋል? ፍርድ ቤቱ እንደታተሙ አልቆጠራቸውም።

ይህን የነገርኳችሁ ትናንት ስላፈርኩ ነው። የመጨረሻው ዓመት ላይ አራት ሆነን ቤት ለቤት እየዞርን እናቶችን ቁስል ላይ ምን እንደሚያደርጉ የጠየቅነውን ታስታውሳላችሁ? ማሩን፣ እሬቱን፣ በምን በምን እንደሚቀላቀል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፤ እያንዳንዷ እናት የነገረችንን ጽፈናል። እኔ በልቤ መደርደሪያ ላይ ነው ያለ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ትናንት ሄጄ ጠየቅኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ መጋዘን አስገቡኝ። በአራተኛው ካርቶን አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ የአራታችን ስም አለ፤ ቀን የለም። መዝገብ ውስጥም የለም። ሌላ ሰው ነገ በዚያው ውህድ ፓተንት ቢያገኝ የእኛ ወረቀት ምንም አይፈይድም።

እርግጥ ብንመዘግበው ባለመብት አንሆንም፤ እናቶቹም ሳንቲም አያገኙበትም። ይህ ያናድደኛል፣ መፍትሔም አላመጣሁም። ሌላው ሰው የእኔ ብቻ ነው እንዳይል ግን ያግዳል። ሕንዶች ከእርዱ በኋላ፣ ከ2001 ጀምሮ የባህል ሕክምና ጽሑፎቻቸውን በአምስት የውጭ ቋንቋዎች እየተረጎሙ ለፓተንት መርማሪዎች ከፍተዋል።

ሠራተኛው ካርቶኖቹ ዘጠኝ መሆናቸውን ነግረውኛል። ርዕስ፣ ርዕሰ ጉዳይ፣ ቀን የሚሞላበት ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፤ ከሞላንላቸው መዝገብ ውስጥ ሊያስገቡልን ቃል ገብተዋል። ነገ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ምሳ መጋዘኑ ይከፈትልናል። አቧራ ስላለ አስም ያለባችሁ ማስክ ይዛችሁ ኑ።