በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ የሙዚቃ ማጫወቻ ስለ መግጠም



ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በሚነገርበት መድረክ ላይ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሙዚቃ ስለ መግጠም ለመናገር መቆሜ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ፈገግታውን በደስታ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ በገጠር ከተሞቻችን በየቀኑ ከሚሠራው የኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ምን ያህሉ በእኛ በመሐንዲሶች እጅ ያልፋል ብለን ብንጠይቅ መልሱ እምብዛም የሚያኮራ አይመስለኝም። ሥራው የሚሠራው በመንገድ ዳር ነው፤ ሠሪውም መልቲሜትርና መበየጃ ይዞ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የተቀመጠ ወጣት ነው። ዛሬ የምናገረው ከእንዲህ ዓይነቱ ወጣት ጋር ተቀምጬ ስላየሁትና ስላሰላሁት ነገር ነው።

ጨፋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሚሴ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢዋ የቦርከና ወንዝ የሚያርሰው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል። በበጋ ወራት፣ ሌላው ቆላ ሲደርቅ፣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደዚህ ረግረግ ይመጣሉ። ከአውራ ጎዳናው ወደየቀበሌው የሚገባው መንገድ ለመኪና እምብዛም ስለማይመች ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ለሰውም ለዕቃም ትልቅ አገልግሎት ይሰጣሉ። ባጃጅ ሰፋ ያለ ባትሪና ጣሪያ ስላለው ቴፕ መግጠም አያስቸግርም፤ ስለዚህ እርሱን እተወዋለሁ። የእኔ ጉዳይ ለረጅም መንገድ ተብሎ የተሠራው፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለው፣ በመሥሪያ ቤት ሲሠራ ኖሮ በመጨረሻ በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የገባው ሞተር ብስክሌት ነው።

የዚህ ሞተር ብስክሌት ባለቤት ሙዚቃ መፈለጉን እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ወሎ ባቲንና አምባሰልን የመሳሰሉ የቅኝት ስሞችን ለአገሪቱ ያበረከተ፣ የመንዙማም አገር የሆነ ምድር ነው። በዚህ ዞን ደግሞ የአሊ ቢራ የኦሮምኛ ዘፈን ከመንዙማው ጋር ጎን ለጎን ይሰማል። ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በአቧራ ሲመላለስ የሚውል ሰው ይህን ልስማ ቢል ፍላጎቱ ከከተሜው የመኪና ሬዲዮ በምን ያንሳል? ነገሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 ጋልቪን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞቶሮላ ብሎ የሰየመውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ሲያቀርብ ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ከካንዴላው ብልጭታ የሚመጣው ጫጫታ ነበር። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን፣ ሶኒም በ1979 ዎክማንን አወጡ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ በተባለው ትልቅ የጉዞ ሞተር ብስክሌቱ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ ይገጥም ጀመር። ዛሬ ማጫወቻው የእጅ ስልክ ወይም ከጥፍር የማይበልጥ ሚሞሪ ሆኗል። የካንዴላው ጫጫታ ግን እነሆ እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

በጨፋ ሮቢት በአንድ ሱቅ ደጃፍ ያየሁት ሞተር ብስክሌት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ባትሪ ተለውጦለት ሦስተኛው ሊገዛለት ነበር። ክላክሱ ከሹክሹክታ አያልፍም፤ ፍሬቻው አይበራም። ባለቤቱ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ሳይቀር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሰው ነውና ነገሩ የዘፈን ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከመቀመጫው ሥር የታሰረው አምፕሊፋየር በጎኑ ላይ «300 ዋት» የሚል ተጽፎበታል። ሠራተኛው፣ «ኢንጂነር፣ ቴፑ ምን ያህል ቢበላ ነው? ባትሪው ነው እንጂ የማይረባው!» አለኝ። እኔም ወረቀት አወጣሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ተራ አምፕሊፋየር ወደ ስፒከሩ ሊልክ የሚችለው ከፍተኛ ቮልት የ12 ግማሽ፣ ማለትም 6 ነው። 6 በ6 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል (ስፒከሩ 4 ኦም ስለ ሆነ፣ የእርሱ እጥፍ ነው) 4.5 ዋት ይሆናል። ሁለት አምፕሊፋየሮች ፊት ለፊት ተያይዘው አንዱን ስፒከር ቢገፉት ደግሞ 12 በ12 ለ8፣ 18 ዋት ይሆናል። ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ በውስጡ ከሌለ ከዚህ በላይ የሚጮኽ ነገር የለም። 300 ዋት ከ12 ቮልት ለማግኘት ቢያንስ 25 አምፔር መሳብ ያስፈልጋል፤ በሣጥኑ ላይ ያለው ሽቦ ግን ከጫማ ክር ይቀጥናል። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰውን ማታለል በሕግ ሊያስጠይቅ ይገባ ነበር፤ ይህ ግን ሌላ ንግግር ነው።

«18 ዋት ብቻ ከሆነ ታዲያ ባትሪውን ምን ገደለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ያለው በሞተሩ ጎን፣ በማግኔቶው ውስጥ ነው። በብዙ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች የፊት መብራቱ ኃይሉን የሚያገኘው በቀጥታ ከማግኔቶው ጥቅል ሽቦ፣ በተለዋዋጭ ከረንት ነው። ባትሪውን የሚሞላው ከዚያ የተረፈው ወይም ለብቻው የተመደበ አነስተኛ ክፍል ነው። ፋብሪካው ይህን ያሰላው ለክላክስ፣ ለፍሬቻና ለፍሬን መብራት ብቻ ነበርና እነዚህ ደግሞ አልፎ አልፎ ይሠራሉ እንጂ ሙሉ ቀን አይነዱም። አምፕሊፋየሩ ግን ዝም ባለበት ሰዓት እንኳ ይበላል። ባትሪው 5 አምፔር ሰዓት ቢሆንና አምፕሊፋየሩ በአማካይ 1 አምፔር ቢስብ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በአምስት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ያልቃል። እንዲህ ተሟጦ የሚያድር የሊድ ባትሪ ዕድሜው አጭር ነው። ባትሪው አዲስ ይሁን አሮጌ ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ከመግጠም በፊት መለካት ነው። መልቲሜትሩን በ10 አምፔሩ በኩል አድርጎ በባትሪው ፖዘቲቭ መሥመር ላይ በተከታታይ ማስገባት፤ ሞተሩን በእግር ረግጦ ማስነሣት (በመለኪያው ውስጥ ሞተሪኖ ማዞር መለኪያውን ያቃጥላል)፤ ከዚያም መብራቱን አብርቶ በተለመደው የጉዞ ዙር ላይ ማንበብ ነው። የሚገባው ከረንት ግማሽ አምፔር ከሆነ ለሙዚቃ ሊወጣ የሚችለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ወጣቱ ሠራተኛ ይህን በአንድ ጊዜ ያዘው። ከእኔ ይልቅ ፈጣን እጅ አለውና በማግሥቱ ሦስት ሞተር ብስክሌቶች ለክቶ ቁጥሮቹን በሱቁ ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፎ አገኘሁት።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ኃይሉ ጥቂት መሆኑ ከታወቀ ዘንድ ጥበቡ ጥቂቱን በሚገባ መጠቀም ነው። አንድ ስፒከር በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 90 ዲሲቤል ይሰጣል እንበል። 4 ዋት ብንሰጠው 96፣ 16 ዋት ብንሰጠው 102 ይሆናል፤ ኃይሉ አራት እጥፍ ባደገ ቁጥር የምናተርፈው 6 ዲሲቤል ብቻ ነው። በአንጻሩ ስፒከሩን ከ1 ሜትር ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ብናቀርበው ያንኑ 6 ዲሲቤል ያለ አንዳች ዋት እናገኛለን። ከመቀመጫው ሥር፣ በጭን ተጋርዶ፣ ወደ ኋላ የሚጮኸው ስፒከር ለተከታዩ ውሻ ይዘፍናል። በመሪው መካከል፣ ወደ ነጂው ደረት ዘንበል ብሎ የታሰረ ስፒከር ግን በ1 ዋት ሥራውን ይፈጽማል፤ በኮረኮንች መንገድ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ይህ ይበቃል።

ሌላም የሚቆጠብ ነገር አለ። አንዲት ትንሽ ስፒከር የከበሮውን ዝቅተኛ ድምፅ በሜዳ ላይ ልታሰማ አትችልም፤ ብትሞክር ወረቀቷ ይንቀጠቀጣል፣ ኃይሉም በከንቱ ይባክናል። የመንዙማውም ሆነ የዘፈኑ ቃል የሚሰማው በመካከለኛው ድምፅ ነው። ብዙ ሰዎች የሚገጥሙት ቲዲኤ2003 የተባለው አምፕሊፋየር በስፒከሩ መንገድ ላይ 1000 ማይክሮ ፋራድ ኮንደንሰር ይደረግለታል፤ ይህ በ4 ኦም ስፒከር እስከ 40 ኸርዝ ድረስ ያሳልፋል። በምትኩ 220 ማይክሮ ፋራድ ብናስገባ ከ180 ኸርዝ በታች ያለው ይቀንሳል። ኮንደንሰሩ ከቀድሞው ይረክሳል፣ ባትሪው ይቆጥባል፣ ቃሉም ይጠራል። ከበሮ ወዳጆች ቅር ይላቸዋል፤ እነርሱን ለማስደሰት ግን ባጃጅ ያስፈልጋል።

ስለ ጫጫታው በአጭሩ ልናገር። ከሞተሩ ዙር ጋር እየጨመረ የሚሄድ ፉጨት ከተሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ስልኩ ከሞተር ብስክሌቱ እየተሞላ በዚያው ጊዜ በሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ስለ ተያያዘ፣ ማለትም ኔጋቲቩ በሁለት መንገድ ስለሚመለስ ነው። በመካከል ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር ማስገባት ወይም ሲጫወት አለመሙላት ይፈታዋል። የቲክ ቲክ ድምፅ ከሆነ ሬዚስተር ያለበት ካንዴላ መግጠም ነው። ስልኩን ለመሙላት 7805 የተባለውን ቮልት መቀነሻ የሚጠቀሙ አሉ፤ ከ14 ቮልት 5 ቮልት አውጥቶ 1 አምፔር ሲሰጥ 5 ዋት ለስልኩ፣ 9 ዋት ለሙቀት ይሰጣል። እየቆራረጠ የሚያሳልፈው ዘመናዊው መቀነሻ እጅግ ይሻላል። ከባትሪው አጠገብ 3 አምፔር ፊውዝ ማድረግ ግን ለክርክር የሚቀርብ አይደለም፤ ሽቦው የሚያልፈው በቤንዚን ታንኩ ሥር ነውና።

በ6 ቮልት ለሚሠሩት እጅግ አሮጌዎች የእኔ ምክር ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ አትንኳቸው። ቲዲኤ2003 ከ8 ቮልት በታች አይሠራም፤ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ማከልም ከደካማው ማግኔቶ ላይ ሌላ ዕዳ መጫን ነው። የራሷ ባትሪ ያላትን ትንሽ ድምፅ ማጉያ ቤት ውስጥ በመብራት ወይም በፀሐይ ኃይል ሞልቶ በመሪው ላይ ማሰር ይበቃል። መሐንዲስ አንዳንድ ጊዜ የሚከፈለው ሽቦ ላለመዘርጋት ነው።

በጆሮ ማዳመጫ መስማት ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል፤ ኃይልም አይበላም። እኔ ግን ለጨፋ መንገድ አልመክረውም። በአውራ ጎዳናው ላይ ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ በሚነዳ ሰው ጆሮ ዘንድ ነፋሱ ብቻውን ከ90 ዲሲቤል ይበልጣል፤ የጆሮ ማዳመጫው ይህን ለማሸነፍ ከዚያ በላይ መጮኽ አለበት። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ተቋም መመዘኛ ለ85 ዲሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅድና 3 ዲሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ በ97 የሚፈቀደው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በበጋ ምሽት ከብቶች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ነጂው ከማየቱ በፊት የሚሰማው የእረኛው ጩኸት ነው። ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ክላክስም እንደዚሁ። ይህን የሚዘጋ መሣሪያ ምንም ያህል ጥሩ ቢዘፍን መግጠም የለብንም።

በዚሁ ምክንያት የድምፅ ማጥፊያው በግራ አውራ ጣት ሥር፣ ከክላክሱ አጠገብ እንዲሆን አድርገናል። ነጂው መሪውን ሳይለቅ ሙዚቃውን ዝም ያሰኘዋል፤ ለቅሶ ቤት ሲያልፍ፣ በመስጊድ ደጃፍ ሰላት ሲሰገድ፣ ከብት ሲያይ። ማብሪያውን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በሪሌ ስላያያዝነው ቁልፉ ሲወጣ አምፕሊፋየሩም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማንም ረስቶት አያድርም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። የአለካኩን መንገድ፣ የፊውዙንና የኮንደንሰሩን መጠን፣ የስፒከሩንም ቦታ የሚያሳይ ባለ አንድ ገጽ ሥዕል በአማርኛና በኦሮምኛ አሳትመን በመንገድ ዳር ላሉት ሠራተኞች እናድርስ። ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ፤ ኦሮምኛው በባለሙያ መታየት ይቀረዋል። ናሙናው በጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ተያይዟልና ቀዩን ሽቦ ሳትነኩ ቀርባችሁ ልታዩትና ልትሰሙት ትችላላችሁ።