ቋንቋ ስንል ምን ማለታችን ነው?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቀኑ ከአፋችን የማይለይ፥ ነገር ግን ትርጉሙን ሳንመረምር የምናልፈው አንድ ቃል ነው። ይኸውም «ቋንቋ» የሚለው ነው።

ግእዝ ቋንቋን «ልሳን» ይለዋል። ልሳን አስቀድሞ በአፍ ውስጥ ያለው ምላስ ነው፤ ቀጥሎም በምላስ የሚነገረው ንግግር ነው። «ልሳነ ግእዝ» ማለታችንም ስለዚህ ነው። ዐረቦች «ሊሳን»፥ ዕብራውያን «ላሾን»፥ የጥንት አካዳውያንም «ሊሻኑ» ሲሉ ሥሩ ያው አንድ ነው፤ በሁሉም ዘንድ ምላስም ቋንቋም ማለት ነው።

ይህም የሴም ቋንቋዎች ልማድ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች «ላንጉዊጅ» የሚሉትን ቃል ያገኙት ከፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይኛውም ምንጭ ምላስ ማለት የሆነው የላቲን «ሊንጓ» ነው። ግሪኮችም ሁለቱን በአንድ ቃል «ግሎሳ» ይሏቸዋል። ወደ አገራችን ስንመለስ ኦሮሞው «አፋን»፥ ሶማሌውና አፋሩ «አፍ» ይላሉ፤ አፍም ቋንቋም ማለታቸው ነው። አማርኛችንም ሰው በሕፃንነቱ የተናገረበትን «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ብሎ ይጠራዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ቃሉ የተወሰደው ከሰው አካል እንጂ ከብራና ወይም ከማተሚያ ቤት አይደለም። እንግዲህ «ፊደል የሌለው ቋንቋ፥ ቋንቋ አይደለም» የሚል ተማሪ ቢኖር የቃሉን ትርጉም ገና አላገኘውም።

ይሁን እንጂ ቃሉም ራሱ ጉድለት አለበት። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን የሚነጋገሩት በምላስ ሳይሆን በእጅ ነው። ዊልያም ስቶኪ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ባሳተመው ጥናት የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው እውነተኛ ቋንቋ መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ ቋንቋን ቋንቋ የሚያሰኘው ፊደልም ምላስም ሳይሆን፥ ሰው ሐሳቡን ለሰው የሚያደርስበት ሥርዓት ነው።

በአገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለሁሉም እኩል የመንግሥት እውቅና ሰጥቷል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ያጸናውን እኛ በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ እናፈርሰዋለን። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ጓደኛችን ቃል ሲሰናከልበት እንስቃለን፤ እርሱም በክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት ይተዋል። የያዘውም ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ በዚህም የምንጎዳው ሁላችንም ነን።

ስለዚህ ወገኖቻችን፥ ከመሳቅ ይልቅ «ይህን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» ብለን እንጠይቅ። ይህን የጠየቀ ሰው አንድ ቃልም አንድ ወዳጅም ያተርፋል።