በቡና ውስጥ የተሸሸገውን መርዝ የሚያውቅ ክር



ከጽሕፈት ሥራችሁ ጥቂት ዐርፋችሁ ስኒውን ስታነሡ፥ ቡናው ከቦንጋ ዙሪያ ከከፋ ደን የመጣ ይሆናል። ዛሬ የማነጋግራችሁ ግን ስለ ጣዕሙ ሳይሆን፥ በወጉ ሳይደርቅ ሲቀር ስለሚያድርበት መርዝ ነው።

የከፋ ገበሬ ቀይ ቡናውን ለቅሞ የሚያሰጣው ዝናብ በሚበዛበት አገር ነው። ፍሬው እርጥበቱን ሳይጨርስ ከተከመረ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ከሻጋታውም አንዳንዱ ዘር ኦክራቶክሲን የተባለ፥ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ቡናው ሲቆላም ፈጽሞ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ውስጥ የፈቀደው የአንድ ግራም 3 ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ለመለየት ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህም በገበሬው ደጅ አይገኝም። ጉድለቱ የተገኘው ጭነቱ ባሕር ከተሻገረ በኋላ የሆነ እንደ ሆነ፥ የወራት ድካም ከንቱ ይቀራል።

አፕታመር የተባለው ነገር ለዚህ ችግር የታሰበ ነው። ይኸውም በላቦራቶሪ የተሠራ አጭር የዲ.ኤን.ኤ. ወይም የአር.ኤን.ኤ. ክር ነው። ዘዴው በ1990 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተገኘ፤ ስሙን ያወጡለት ኤሊንግተንና ሾስታክ ናቸው። ቁጥር ከሌላቸው ክሮች መካከል በተፈለገው ነገር ላይ የሚጣበቁት ተመርጠው ይባዛሉ፤ ምርጫውም ደጋግሞ ይካሄዳል። በ1994 የተገኘ አንድ ክር ቴዎፊሊን የተባለውን የአስም መድኃኒት ከቡናው ካፌይን ለይቶ፥ ዐሥር ሺሕ ጊዜ ያህል አጥብቆ ያዘ። የሁለቱ ልዩነት ግን አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ነው! ለኦክራቶክሲን የሚሆነው ክርም በ2008 ታተመ።

ክሩ መርዙን መያዙን ግን በምን እናውቃለን? እዚህ ላይ ኤንዛይም ይገባል። ኤክሶኑክሊየስ የሚባለው ኤንዛይም ክርን ከጫፉ ጀምሮ ይበላል። ባዶውን ክር ፈጥኖ ይጨርሰዋል፤ መርዙን አቅፎ የተጣጠፈው ግን ይቋቋመዋል። ሥራ የያዘው ይተርፋል፥ ሥራ ፈቱ ይበላል ማለት ነው፤ ይህ ደንብ በየመሥሪያ ቤቱ ቢታወጅ ስንቶቻችን እንተርፍ ነበር! ከዚያም በተረፈው ክር ላይ የሚያበራ ቀለም ይጨመራል፤ መርዙ በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይጎላል።

ችግሩ፥ ቡና ራሱ ጥቁርና ብዙ ነገር የተቀላቀለበት በመሆኑ ብርሃኑን ያደናግራል፤ ስለዚህ ናሙናው አስቀድሞ መጣራት አለበት። ምርመራውም መርዙን ያሳያል እንጂ አያወጣውም። የገበሬው መከላከያ አሁንም ከመሬት ከፍ ያለው የቡና ማድረቂያ አልጋ፥ ዝናብ ሲመጣ የሚለብሰው ሸራ፥ እርጥበቱም ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ፍሬውን የሚያገላብጠው እጅ ነው።