የልብን ዝንባሌ ወደ ዕለት ሥራ ማምጣት

(በካቺሲ ከተማ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሥራና ስለ ዝንባሌ ጥቂት ቃል እንዳሰማ በተጠየቅሁ ጊዜ እምቢ ለማለት ከጅሎኝ ነበር። ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ብዙ ዓመት የተሳሳትሁ ሰው ነኝ። ኋላ ግን ስሕተቴን የሰማ ወጣት ከእኔ ቀድሞ ይነቃ ይሆናል በማለት እነሆ ቀረብሁ።

ዝንባሌ የምለው ማንም ሳያዝዘን፣ ማንም ሳይከፍለን ልባችን በራሱ የሚሄድበትን ነገር ነው። አንዱ የተበላሸ ሬዲዮ ሲያይ እጁን ያሳክከዋል። አንዷ ስፌት ይዛ ስትቀመጥ ሰዓቱ አይታወቃትም። ሌላው ቁጥር ይወዳል፤ ሌላው ልጆችን ሰብስቦ ማስረዳት ይወዳል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን «እንጀራዬ ሌላ፣ ፍላጎቴ ሌላ» ብለን ሁለቱን እንለያያለን። የልባችንን ነገር ገንዘብ እስኪገኝ፣ ልጆች እስኪያድጉ፣ አዲስ አበባ እስክንገባ እያልን እናቆየዋለን። ቀኑም ሳይመጣ ዕድሜያችን ያልፋል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዕፀዋት እወዳለሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደዚህ ወረዳ ከመምጣቴ በፊት፣ በወሎ ቆላ የሳይንስ መምህር ነበርሁ። ከሥራ በኋላ ጓሮዬን ስኮተኩት ሌላ ሰው እሆን ነበር። ክፍል ስገባ ግን ማስታወሻዬን ሰሌዳ ላይ ገልብጬ፣ ደወል ሲደወል እወጣለሁ። ደመወዜ የማስታወሻው፣ ደስታዬ የጓሮው ነበር።

አንድ ቀን አንድ ልጅ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ክፍል ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ይህ ነገር የበቀለበት ማሽላችን ዝናብ እያለ ይደርቃል። ምን እያደረገው ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቶብኝ ስለ ነበር፣ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ተቀመጥ» አልሁት። ልጁም አረሙን በመስኮት ጥሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ሲጠይቀኝ አልሰማሁም። በዓመቱም ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻ ገባ።

ያ አረም አቀንጭራ ነው። ይህን ነገር ረስቼው ስኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ማሽላና ስለ አቀንጭራ የተመራመሩት ኢትዮጵያዊ ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ የዓለም የምግብ ሽልማትን ማግኘታቸውን ሰማሁ። ሁሉም ሰው ደስ ሲለው እኔ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነበር።

ዶክተር ገቢሳ የሩቅ አገር ሰው አይደሉም፤ የዚሁ የምዕራብ ሸዋ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ በኦሎንኮሚ ሲሆን፣ ያደጉትም በሣር ጎጆ ነው። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው ስለ ተነሡ በጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ሄደው ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ዓለማያ ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኚህ ሰው የማሽላን ነገር የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አላደረጉትም። ወደ ሱዳን ሄደው ድርቅ የሚቋቋም ሀጂን ዱራ የተባለ ዲቃላ ማሽላ አዘጋጁ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ወጣ። ከዚያም ወደ አቀንጭራው ዞሩ።

አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ጉዳቱን የሚጀምረው ገና ከመሬት በታች ሳለ ስለ ሆነ፣ ገበሬው አበባውን በሚያይበት ጊዜ ማሽላው ተጎድቷል። አንዱ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮች ይበትናል። ዘሩም አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው ግን ከማሽላ ሥርና ከመሰል ሰብሎች ሥር የሚወጣ የኬሚካል ምልክት ሲደርሰው ነው። ዶክተር ገቢሳ ከባልደረባቸው ከላሪ በትለር ጋር ሆነው ይህን ምልክት በጣም በጥቂቱ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለዩ፤ ጠባዩንም በማዳቀል ጥሩ ምርት ወደሚሰጡ ዝርያዎች አሸጋገሩ። በአገራችንም ጎብዬና አብሽር የተባሉት ማሽላዎች የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። «አብሽር» በወሎ ሰው ሲጨነቅ የሚያጽናኑበት ቃል መሆኑን ታውቃላችሁ።

ያ ልጅ በእጁ ይዞት የመጣው ጥያቄ ይኸው ነበር። መልሱን ባላውቅም «አላውቅም፤ አብረን እንየው» ማለት እችል ነበር። ያን ያህሉን የሚያስችል ፍቅር በጓሮዬ ነበረኝ፤ ክፍል ውስጥ ግን ይዤው አልገባሁም።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ለወጥሁ። ስለ ሥር ሳስተምር ሥር ይዤ እገባለሁ፤ ስለ ዘር ሳስተምር ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አብረን ስናበቅል እንሰነብታለን። ደመወዜ አልጨመረም፤ ድካሜ ግን ቀለለ። ተማሪዎቼም ጥያቄ ማምጣት ጀመሩ።

«ይህ ለተማረ ሰው ነው፤ እኛ የምንሠራው የተገኘውን ነው» የሚል ወጣት እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው የወደደውን ሥራ አያገኝም። ለእንጀራ ተብሎ የሚሠራ ሥራም ክቡር ነው፤ አይናቅም። እኔ የምለው ሥራችሁን ጣሉ አይደለም፤ የምትወዱትን ነገር ከያዛችሁት ሥራ ደጃፍ አትመልሱት ነው። ቁጥር የምትወድ የሱቅ ልጅ የዕለት ሽያጭዋን በደብተር ብትይዝ የትኛው ዕቃ በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ለባለ ሱቁ ማስረዳት ትችላለች። ማስተማር የሚወድ ልብስ ሰፊ ከመኪናው አጠገብ አንድ ልጅ ማስቀመጥ ይችላል። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚያርስ ወጣት ከማሳው ጥግ ጥቂት ቦይ ለይቶ ሁለት ዓይነት ዘር ማወዳደር ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በቀን ግማሽ ሰዓትም ብትሆን በዓመት ብዙ ናት።

ለወላጆችና ለመምህራን ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ኦሎንኮሚ ላይ አንዲት እናት ባይኖሩ ኖሮ ከላይ የነገርኋችሁ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ልጅ አረም ይዞ ሲመጣ፣ ሬዲዮ ፈትቶ ሲበትን፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሲሥል ከመቆጣታችን በፊት «ምን አየህ?» እንበለው። ይህን ለማለት ገንዘብ አያስፈልግም።

ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ የልጆች አባት ሆኗል። የት እንዳለ አላውቅም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁትም። ለእርሱ ያልመለስሁትን ለእናንተ ልጆች ስመልስ ኖሬአለሁ፤ ዛሬም ይህን የተናገርሁት ስለዚሁ ነው።