ከታዳጊ አገሮች ጋር ፋብሪካ ስንተክል ውሉን ማን ያየዋል?

(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



 ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከቱርክና ከመሳሰሉት አገሮች ጋር ኢንዱስትሪ ለማስፋፋት ባለፉት ሃያ ዓመታት ያደረግነው ትብብር ምን አተረፈልን? ምንስ አስከፈለን?

«የጤፍና የዘይት ዋጋ ላስጨነቀው ሰው የውጭ ትብብር ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። ፋብሪካውና ባቡሩ የተሠራበት ብድር የሚከፈለው በዶላር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዕዳው በዶላር ባይጨምርም በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ያንን ብር የሚያዋጣው ደመወዝተኛውና ነጋዴው፣ ማለትም እናንተ ናችሁ።

የትብብሩ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 በባንዱንግ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1975 በሊማ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት ጉባኤ፣ ታዳጊ አገሮች በ2000 ከዓለም የኢንዱስትሪ ምርት ቢያንስ 25 በመቶውን እንዲያመርቱ ግብ ተያዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በቦነስ አይረስ ታዳጊ አገሮች እርስ በርስ ዕውቀትና ሙያ የሚለዋወጡበት የተግባር ዕቅድ ጸደቀ። ምሥራቅ እስያ ገስግሶ ሄደ። የአፍሪካ ድርሻ ግን ዛሬም ከዓለም የፋብሪካ ምርት 2 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከቻይና ጋር በአንድ ጠረጴዛ ስንቀመጥ «እኩያሞች ነን» የሚለው አነጋገር ለግብዣ ላይ ንግግር ያምር ይሆናል፤ ለውል ግን አይበቃም።

ተንዳሆን እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. የሕንድ ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ለተንዳሆ፣ ለወንጂና ለፊንጫ የስኳር ፕሮጀክቶች 640 ሚሊዮን ዶላር ለማበደር ተፈራረመ። የዚህ ዓይነቱ ብድር ደንብ በጥቅሉ ሦስት አራተኛው ዕቃና አገልግሎት ከሕንድ እንዲገዛ ያስገድዳል። ገንዘቡ ከዴልሂ ተነሥቶ መልሶ ዴልሂ ይገባል፤ ዕዳው ግን አዲስ አበባ ይቀራል። ይህም ቢሆን ፋብሪካው በጊዜው ቢደርስ ባልከፋ። የተንዳሆ ፋብሪካ በተባለለት ጊዜ አልደረሰም፤ ዓመታት ዘግይቶ ቢጀምርም ሥራው ተቋረጠ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ስኳር ላኪ ትሆናለች የተባለች አገር ስኳር ከውጭ እያስገባች፣ እኛም በሸማቾች ሱቅ በር ላይ ለጥቂት ኪሎ ተሰልፈን ኖርን።

ሁሉም እንዲህ ወድቋል ብል ዋሸሁ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ዕቃም ሰውም ያመላልሳል። በዱከም የቻይና ጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ ከሰማንያ የሚበልጡ ወጣቶቻችንን ቻይና ወስዶ አሠልጥኗል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ተቃዋሚ ስለሆንኩ አልክደውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለባቡሩ ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተወሰደው ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር በ10 ዓመት ተከፍሎ ያልቃል ብሎ የፈረመው ማነው? በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የመክፈያ ጊዜው ወደ 30 ዓመት ተራዘመ ሲባል አጨበጨብን። በመጀመሪያውኑ የባቡሩን ገቢ ከክፍያው ጋር ያመዛዘነ ተደራዳሪ ቢኖር ኖሮ ጭብጨባውም አያስፈልግም ነበር።

ወደ ሐዋሳ እንምጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ የቻይና ኩባንያ ዘጠኝ ወር ገደማ በሆነ ጊዜ ተሠርቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ፍጥነቱ ያስደንቃል። በመንግሥት አኃዝ ለጥጥ የሚመች ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት አለን፤ ሆኖም በፓርኩ ለሚሰፋው ልብስ ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑና ቁልፉ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነበር። የእኛ የሆነው የልጆቻችን ጣት ነው። የጣታቸውም ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የጥናት ማዕከል እንዳወጣው በወር 26 ዶላር መነሻ ደመወዝ ነበር፤ ማዕከሉ ካያቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። በዚያ ደመወዝ አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል የተከራዩትን ልጃገረዶች ሐዋሳ የሄደ ሁሉ አይቷቸዋል።

ጦርነቱ መጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፓርኩ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ፋብሪካውን ዘጋ፤ ከወር ብዙም ሳይርቅ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋን ዘጋችብን። የመጣው ጨርቅ ተመልሶ ሄደ፤ ሠራተኞቹም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤተሰብ ተመለሱ። ጨርቁን የሚሸምን፣ ቁልፉን የሚያመርት የአገር ውስጥ ባለሀብት በዙሪያው ቢበቅል ኖሮ ለሌላ ገበያ መስፋት ይቻል ነበር። በ2007 ዓ.ም. በውጭ ገበያ የሸጥነው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድም ነበር፤ ለኢንዱስትሪና ለስኳር ልማት ይውላል ተብሎ። የእሱን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳንከፍል ቀረን።

የተሻለ መንገድ አለ ወይ? አለ፤ ሩቅም አይደለም። ካምፓላ አጠገብ ሉዚራ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2007 የመድኃኒት ፋብሪካ ተከፈተ። ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ዕውቀቱን ሰጠ፤ የኡጋንዳ ባለሀብቶች ገንዘብ አወጡ፤ የኡጋንዳ መንግሥት ደግሞ የኤችአይቪና የወባ መድኃኒቱን ለመግዛት ቃል ገባ። እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያ ዓይኑን የሚጥልበት ነገር አለ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 የፓተንት ሕጓን አጥብቃ ነበር። ኡጋንዳ ግን በዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ አገሮች በተሰጠው የእፎይታ ጊዜ ውስጥ ስለነበረች፣ የመድኃኒት ፓተንት ሳያግዳት ማምረት ትችል ነበር። ኡጋንዳ የተደራደረችው በእጇ ያለውን አውቃ ነው፤ ገበያዋንና የሕግ ዕድሏን አስይዛ። በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ በአገሯ ክርክር አልጠፋም፤ ንጹሕ ታሪክ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲፕላ ድርሻውን ሸጦ ሲወጣ ግን ፋብሪካው አልተዘጋም፤ ስሙን ለውጦ ሥራውን ቀጠለ። የሐዋሳውንና የሉዚራውን አነጻጽሩ። ባዕዱ ሸሪክ ሲሄድ ምን ቀረ?

በጥብቅና በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ የእንጨት ሥራ ባለቤት ከውጭ ማሽን ገዝቶ ማሽኑ ሲቆም ወደ እኔ መጣ። ውሉን ገለጥኩ፤ ስለ መለዋወጫ የሚናገር አንድም አንቀጽ የለበትም። ማሽኑ ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሶ ቆመ። ሰውየው ጠበቃ የፈለገው ከፈረመ በኋላ ነበር። የአገር ውልም ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ ሸራ የሚለብሰው ፋብሪካ መሆኑ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ እነዚህ ስምምነቶች የአገሪቱን የማያቋርጥ ዕድገት መብት የሚያስከብሩ መሆን አለባቸው ይላል። በተግባር የሆነውን ከነጋሪት ጋዜጣ አውጥታችሁ እዩ። የብድር ማጽደቂያ አዋጅ ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት አንቀጽ ነው። የብድሩ መጠን፣ ወለዱና የእፎይታ ጊዜው ይጠቀሳል፤ ያበቃል። ብድሩ የሚወጣበት የግንባታ ውል ለሕዝብ አይቀርብም። ስንት ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ በስንት ዓመት ሥራውን ይረከባል፣ ፋብሪካው ቢዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው፣ ክርክር ቢነሣ የሚዳኘው በማን አገር ሕግ ነው የሚለው ሁሉ ያለው በዚያ ባላየነው ወረቀት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት የቻይና አበዳሪዎች ከ24 ታዳጊ አገሮች ጋር የተዋዋሏቸውን 100 ውሎች መርምሮ ብዙዎቹ የምሥጢር ጠባቂነት አንቀጽ እንዳላቸው አሳይቷል።

ቻይናን አልወቅስም። የራሱን ጥቅም ያስከበረ ተደራዳሪ ሥራውን ሠርቷል። ወቀሳዬ በእኛ ወገን ተቀምጦ ሳይጠይቅ ለፈረመውና ሳያነብ እጁን ላወጣው ነው።

ፓርቲያችን ድምፃችሁን ካገኘ ውሉ ከነአባሪው በአማርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች ሳይታተም ምክር ቤቱ በማንኛውም የኢንዱስትሪ ብድር ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ በመጀመሪያው የሥራ ዘመን ያቀርባል። ምሥጢር ካልሆነ አላበድርም የሚል አበዳሪ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ብድር አንቀበልም፤ ጥቂት ፕሮጀክት እናጣ ይሆናል፤ ይህንን ከወዲሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ከቀረጥ ነፃ መብት የሚሰጠው ባለሀብት ኢትዮጵያውያን ኃላፊዎችን የሚተካበት የጊዜ ሰሌዳና ከአገር ውስጥ የሚገዛው ግብዓት መጠን በውሉ ይሰፍራል፤ ካልፈጸመ መብቱ ይነሣል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ያወሳው የደመወዝ ቦርድም የፓርክ ሠራተኞችን የመነሻ ደመወዝ ወለል ይወስናል። ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብሪክስ አባል ነን፤ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣናም አባል ነን። በእነዚህ መድረኮች ብድር ከመጠየቅ አስቀድመን የመድኃኒትና የጨርቃ ጨርቅ ግዢያችንን ይዘን እንደራደራለን።

ይህን ያህል ከተናገርኩ ይበቃል። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርክ የሠራችሁ ወይም ልጆቻችሁ የሠሩ ካላችሁ በመጀመሪያ እናንተን ልስማ።